ቱቦው ይቀበር ወይስ ይቅር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ከኡጋንዳ ሆይማ ተነስቶ እስከ ታንዛኒያዋ ታንጋ ወደብ 1,443 ኪሎ ሜትር ስለሚዘረጋው የድፍድፍ ነዳጅ ማስተላለፊያ ቱቦ አጠር ያለ ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ገሚሱ አንባቢ «ቱቦ ልማት ነው፣ ምን ያከራክራል?» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ይሄ ነገር መቅረት አለበት» ባይ ነው። ሁሉንም አንብቤአለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሁለቱም ወገኖች ጮክ ብለው የሚያነሱት መከራከሪያ፣ ካላቸው ሁሉ ደካማው ነው ብዬ አምናለሁ። ደጋፊው ስለ ሥራ ዕድል ያወራል፤ የሥራ ዕድሉ ግን ጥቂት ነው። ተቃዋሚው ስለ መፍሰስ ያወራል፤ መፍሰስ ደግሞ በባቡርም በቦቴም በመርከብም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቱቦ አንዴ ከተቀበረ ለ40 እና ለ50 ዓመት ያስራል፤ የሚታሰረው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲወሰን አልነበረም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ነዳጅ እንደሆነ መጓጓዙ አይቀርም። ታዲያ በቱቦ ቢሄድ ከባቡርና ከቦቴ አይሻልም? ክርክሩ ጭራሽ አልገባኝም።

መልስ፦ በሰው ሕይወት ከተለካ ይሻላል። ይሄን መካድ አይቻልም። ጁላይ 6 ቀን 2013 ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ ክፍለ ግዛት፣ ላክ ሜጋንቲክ የምትባል ከተማ ላይ የደረሰውን አስታውሱ። 72 ታንከር ፉርጎ ሙሉ ድፍድፍ የያዘ ባቡር ከከተማዋ በላይ፣ ከፍታ ላይ፣ ማንም ሳይጠብቀው ቆሞ ነበር። ፍሬኑ ለቀቀ። ሌሊት ቁልቁል ተንደርድሮ መሃል ከተማ ላይ ወጣና ተቀጣጠለ። 47 ሰው ሞተ። ነዳጁ የመጣው ከአሜሪካዋ ኖርዝ ዳኮታ ነው፤ በዚያን ጊዜ የአካባቢው ምርት በፍጥነት አድጎ፣ የነበረው ቱቦ ስላልበቃ ብዙው በባቡር ይጫን ነበር።

ስለዚህ ባቡርን አማራጭ አድርጎ ማቅረብ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እዚህ ድረስ እንስማማለን።

ነገር ግን «መጓጓዙ አይቀርም» ያሉት ሁሉም ቦታ አይሠራም። ካናዳ ውስጥ እውነት ነው፤ ሐዲዱም ሌላውም ቱቦ አለ። ኡጋንዳ ላይ ግን እናስላው። የታንጋው ቱቦ በቀን 216 ሺህ በርሜል እንዲያስተላልፍ ነው የታቀደው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። በአንድ ቦቴ 35 ሺህ ሊትር ይጫን ብንል፣ በየቀኑ ወደ 1 ሺህ ቦቴ መነሳት አለበት፤ ሌላ 1 ሺህ ደግሞ ባዶውን እየተመለሰ። ይሄ የሚሆን ነገር አይደለም። ማለትም እዚያ ቱቦው ከሌለ ነዳጁ ባብዛኛው መሬት ውስጥ ይቀራል። ደጋፊም ተቃዋሚም ይህን ሐቅ ይዞ ነው መከራከር ያለበት፤ እዚያ ጥያቄው «በምን ይጓጓዝ» አይደለም፣ «ይውጣ ወይስ አይውጣ» ነው።

ጥያቄ፦ ዘመናዊ ቱቦ በኮምፒውተር ነው የሚጠበቀው ይባላል። ታዲያ ቢያፈስ ወዲያው አያውቁም?

መልስ፦ ሁልጊዜ አያውቁም። አንዱን ታሪክ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ስለ ቱቦ ካነበብኩት ሁሉ በጣም የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው።

ጁላይ 25 ቀን 2010፣ አመሻሽ ላይ። ሚሺጋን ውስጥ ማርሻል በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ኤንብሪጅ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ቱቦ ተሰነጠቀ። ቱቦው 30 ኢንች ስፋት አለው፣ የ1969 ሥሪት ነው። ስንጥቁ 2 ሜትር ገደማ ይረዝማል። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው ግን እዚያ አይደለም፤ ሩቅ ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። ማንቂያው ጮኸ። ቱቦው በዚያው ሰዓት በዕቅድ እየቆመ ስለነበር ግፊቱ መውረዱ ተረኞቹን አላስደነቃቸውም። «መስመሩ ውስጥ ነዳጅ ያልሞላው ክፍተት ተፈጥሮ ነው እንጂ አላፈሰሰም» አሉ። በማግስቱ ክፍተቱን ለመሙላት ብለው ፓምፑን አስነሱት። ማንቂያው አሁንም ጮኸ። አቆሙት። ከዚያ እንደገና አስነሱት።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች ኋላ ላይ እንዳሰሉት፣ ከፈሰሰው ነዳጅ 81 በመቶው የወጣው ፓምፑ በተነሳባቸው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት ነው። የአካባቢው ሰው እኮ ማታውኑ ስለ ሽታው እየደወለ ነበር። እሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ፈልገው ምንጩን ሳያገኙ ተመለሱ። 17 ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ለኩባንያው በስልክ የነገረው የሌላ የጋዝ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ነዳጅ ወደ አንድ ጅረት፣ ከጅረቱም ወደ ካላማዙ ወንዝ ገባ። ነዳጁ ደግሞ ከአልበርታ የነዳጅ አሸዋ የሚወጣው ዓይነት ነው፤ ከሬንጅ ብዙም ስለማይርቅ በቱቦ እንዲሄድ በቀላል ፈሳሽ ይቀጥኑታል። ወንዙ ላይ ሲደርስ ቀላሉ ፈሳሽ ተነነ፣ ወፍራሙ ወደ ታች ሰጠመ። የለመዱት አጠራረግ በውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ ነዳጅ ነው። ስለዚህ የወንዙን ወለል መቆፈርና ማጥለቅ ግድ ሆነ፣ ዓመታት ፈጀ፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። የተሰነጠቀው ቦታ ጉድለት እንዳለበትም በ2005 በተደረገ ፍተሻ ታይቶ ነበር። ሳይጠገን ቆየ።

«ያ የድሮ ቱቦ ነው» የሚል ካለ፣ ዲሴምበር 2022 ካንሳስ ውስጥ የኪስቶን ቱቦ ወደ 13 ሺህ በርሜል ገደማ አፍስሷል። ያ ቱቦ ገና ከ10 ዓመት ብዙም ያላለፈው ነው። ስንጥቁ የተነሳው ከብየዳ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው ድንገት የሚፈነዳውን በደንብ ያያል። ቀስ ብሎ የሚያፈሰው ነው አስቸጋሪው። ከጠቅላላው ፍሰት 1 በመቶ የማይሞላ ማፍሰስ ብዙ ጊዜ ከመቆጣጠሪያው ያመልጣል። በቀን 216 ሺህ በርሜል በሚያስተላልፍ ቱቦ 1 በመቶው ስንት ነው? 2,160 በርሜል። በየቀኑ። ስለዚህ መስመሩን በእግርና በአውሮፕላን የሚያይ ሰው፣ ቱቦው ውስጥ እየተጓዘ ዝገትና ስንጥቅ የሚለካ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽታ ሸትቶት ሲደውል የሚሰማው የአካባቢ ነዋሪ ያስፈልጋል። ማርሻል ላይ ነዋሪው ትክክል ነበር፤ ኮምፒውተሩን የሚያነቡት ናቸው የተሳሳቱት።

ጥያቄ፦ ለወጣቱ የሚፈጥረውን የሥራ ዕድል ለምን ታሳንሳላችሁ?

መልስ፦ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከካናዳ ወደ አሜሪካ ሊዘረጋ ታስቦ ስለነበረው የኪስቶን ኤክስኤል ቱቦ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ግንባታው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ወደ 42 ሺህ ሥራ እንደሚደግፍ ገምቶ ነበር፤ ለ2 ዓመት ገደማ። ቱቦው ሥራ ሲጀምርስ? 50 ሰው። ከነሱም 15ቱ ጊዜያዊ ኮንትራክተሮች። ቱቦ ርካሽ የሆነውም ብዙ ሰው ስለማይፈልግ ነው። ቆፋሪው፣ በያጁ፣ ሹፌሩ፣ ካምፕ ውስጥ ምግብ የምታቀርበው ሴት የሚያገኙት ገንዘብ ቀላል ነገር አይደለም፣ አልንቀውም። ግን የ40 ዓመት ውሳኔ በ2 ዓመት ደሞዝ አይመዘንም።

ጥያቄ፦ የባሕር በር የሌለው ድሃ አገር ነዳጅ ቢያገኝ ምን ያድርግ? ሀብታሞቹ በነዳጅ በልጽገው ሲያበቁ ለሌላው ሲደርስ «ክልክል ነው» ማለት ምን ይሉታል?

መልስ፦ ለቱቦ ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች ትልቁ ይሄ ነው፤ እኔም በቁም ነገር ነው የማየው። የአውሮፓ ፓርላማ በሴፕቴምበር 2022 የታንጋውን ቱቦ የሚተች የውሳኔ ሐሳብ ሲያሳልፍ ኡጋንዳ ውስጥ የተነሳው ቁጣ ይገባኛል።

ግን ወደብ የሌለው አገር ቱቦ ሲዘረጋ ቁልፉን ለጎረቤቱ እንደሚሰጥ ይወቅ። ደቡብ ሱዳንን እንይ። ጁላይ 2011 ነፃ ስትወጣ የመንግሥት ገቢዋ 98 በመቶ ያህሉ ነዳጅ ነበር። ነዳጁ የሚወጣው ደግሞ ሱዳንን አቋርጦ ፖርት ሱዳን በሚደርስ ቱቦ ብቻ ነው። ካርቱም ለአንድ በርሜል 36 ዶላር ጠየቀች፣ ጁባ ከ1 ዶላር በታች ነው የምከፍለው አለች። አልተስማሙም። ጃንዋሪ 2012 ጁባ በቀን 350 ሺህ በርሜል ገደማ የነበረውን ምርቷን ሙሉ በሙሉ ዘጋች። ምርቱ እንደገና የተጀመረው ከ1 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ መሃል ደሞዝ፣ መድኃኒት፣ መንገድ ሁሉ ተነካ።

ይባስ ብሎ በ2024 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ቱቦው ላይ ደረሰ። ከደቡብ ሱዳን ላይኛው አባይ ግዛት የሚወጣው ነዳጅ ሰም ይበዛዋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ሞራ ይረጋል። እንዳይረጋ መሞቅና ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት። የውጊያ ቀጠና ውስጥ ላሉት ፓምፕ ጣቢያዎች ናፍጣ ማድረስ ሲያቅት ነዳጁ ቱቦው ውስጥ ረጋ፣ መስመሩም ፈነዳ። አንድ ጥይት ወደ ደቡብ ሱዳን ሳይተኮስ የአገሪቱ ትልቁ የገቢ ምንጭ ለወራት ተቋረጠ። የኡጋንዳውም ነዳጅ ሰም ያለበት ነው፤ ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ወደ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ መሞቅ የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ሌሎችም አሉ። ኒጀር ከቤኒን ጋር ተጣልታ በ2024 አዲሱ ቱቦዋ ገና ሥራ ሲጀምር ተስተጓጎለ። ከኢራቅ ወደ ቱርክ ጄይሃን ወደብ የሚሄደው መስመር ማርች 2023 ተዘግቶ እስከ ሴፕቴምበር 2025 ቆየ፤ እዚያ ደግሞ ችግሩ የግልግል ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር እንጂ የቴክኒክ ብልሽት አልነበረም።

ገንዘቡም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከቻድ እስከ ካሜሩን ባሕር ዳርቻ 1,070 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ቱቦ ሲገነባ የዓለም ባንክ እጁን ያስገባው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ገቢው በአብዛኛው ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለገጠር ልማት እንዲውል፣ ለመጪው ትውልድም እንዲቀመጥ የሚያዝ ሕግ ቻድ እንድታወጣ። ሕጉ ወጣ። ነዳጁ በ2003 ፈሰሰ። በ2005 መጨረሻ ሕጉ ተቀየረ፣ የትውልዱ ፈንድ ቀረ። ባንኩ ብድር አቋርጦ፣ ተደራድሮ፣ በ2008 ወጣ። ቱቦው ግን ቀጠለ። ቱቦ ከመቀበሩ በፊት የተገባ ቃል፣ ከተቀበረ በኋላ የሚያስከብረው ጉልበት ያንሰዋል።

የኔ መልስ ይሄ ነው፦ የባሕር በር የሌለው አገር ቱቦ የመገንባት መብት አለው፤ ነገር ግን የመተላለፊያ ክፍያው፣ የክርክር መፍቻው፣ የገቢው አያያዝ ሁሉ የመጀመሪያው ቦይ ሳይቆፈር መታሰር አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል።

ጥያቄ፦ ቱቦ የሚያልፍበት መሬት ባለቤት ካሳ ይከፈለው የለም እንዴ? ታዲያ ምን ያማርረዋል?

መልስ፦ ይከፈለዋል። ጥያቄው መቼና ስንት የሚለው ነው። የታንጋው ቱቦ 30 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ይዞ ነው የሚሄደው፤ በሁለቱ አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ባለይዞታዎችን ነክቷል። የብዙዎቹ መሬትና ሰብል የተገመተው በ2018 እና በ2019 ነው። ግምቱ ሲያበቃ «ከዚህ ወዲያ የምትተክሉት አይቆጠርም» ተባሉ። ቡና ወይም ሙዝ የሚተክል ገበሬ በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ? ካሳው ነገ ይመጣል እያለ መሬቱን አጾመ። ገንዘቡ ለብዙዎች ዓመታት ዘገየ። ኋላ ላይ ለመዘግየቱ ጭማሪ ታስቦ ተከፍሏል፤ ሳይተከል የቀረው ቡና ግን በጭማሪ አይመለስም።

ሌላው የመስመሩ ምርጫ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዳኮታ አክሰስ ቱቦ ሲታቀድ ከታዩት አማራጮች አንዱ ከቢስማርክ ከተማ በስተሰሜን የሚያልፍ ነበር። ያ አማራጭ ከተጣለባቸው ምክንያቶች አንዱ የከተማዋን የመጠጥ ውሃ ምንጮች ያሰጋል መባሉ ነው። ከዚያ መስመሩ ስታንዲንግ ሮክ ሲዩ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ውሃ በሚቀዱበት በኦአሂ ሐይቅ ሥር፣ ከክልላቸው ድንበር አፍንጫ ሥር እንዲያልፍ ሆነ። በ2016 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያ ሰፍረው የተቃወሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንዱ ውሃ ያሰጋል የተባለ ቱቦ ለሌላው ውሃ እንዴት አላሰጋም?

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። ቱቦው ጁን 2017 ሥራ ጀመረ። በ2020 ፍርድ ቤት «የአካባቢ ጥናቱ አልተሟላም፣ ሙሉ ጥናት ይደረግ» አለ። ዳኛው ቱቦው እንዲዘጋና ባዶ እንዲደረግም አዘዘ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት የመዝጋቱን ትእዛዝ ሻረው። ሰዎቹ በክርክሩ ረቱ፤ ነዳጁ ግን እስካሁን በሐይቁ ሥር ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ያስራል ያልኩት ይሄንን ነው።

ጥያቄ፦ ኪስቶን ኤክስኤል ቢሰረዝም የካናዳ ነዳጅ መሸጡን አላቆመም። ታዲያ አንድ ቱቦ ማስቆም ትርጉሙ ምንድነው?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ አላቆመም። ኪስቶን ኤክስኤል ከአልበርታ እስከ ነብራስካ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ በቀን 830 ሺህ በርሜል ሊያስተላልፍ ታስቦ በ2008 የቀረበ ነው። ኦባማ በ2015 ከለከሉት፣ ትራምፕ በ2017 መለሱት፣ ባይደን ሥልጣን በያዙበት ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ፈቃዱን ሰረዙ፣ ኩባንያው በጁን ተወው። የአልበርታ ምርት በዚህ ሁሉ መሃል አደገ።

ግን ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛ ዋጋው። ትራንስ ማውንቴን የተባለውን ቱቦ የካናዳ መንግሥት በ2018 በ4.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ገዛው። የማስፋፊያው ወጪ ወደ 34 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ሜይ 2024 ተከፈተ። አልበርታ በኪስቶን ኤክስኤል ላይ ያፈሰሰችውን ወደ 1.3 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አጥታለች። አሁን ባለሀብት ቱቦ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ሁለተኛ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ፦ የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በ2021 ባወጣው ፍኖተ ካርታ፣ ዓለም በ2050 የተጣራ የካርቦን ልቀቱን ዜሮ ማድረስ ከፈለገ ቀድሞ ከጸደቁት ውጭ አዲስ የነዳጅ ማውጫ መስክ አያስፈልግም ብሏል። ዛሬ የሚቀበር ቱቦ በዚያ ዓመትም ገና ዕዳውን የጨረሰ ጎልማሳ ነው። ዓለም ነዳጅ መግዛት ቢቀንስ ኪሳራው ማን ላይ ይወድቃል? በኔ እምነት መንግሥት ዋስ የሆነበት ቱቦ ከሆነ ግብር ከፋዩ ላይ።

ጥያቄ፦ ነዳጁ ሲያልቅ ቱቦውስ?

መልስ፦ አላስካን እንይ። ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,287 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ቱቦ በ1977 ሥራ ጀመረ። በ1988 በቀን 2 ሚሊዮን በርሜል ያስተላልፍ ነበር፣ አሁን የዚያን ሩብ ገደማ ነው። ሲቀንስ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ድሮ ከጫፍ ጫፍ 4 ቀን ተኩል ይፈጅ የነበረው አሁን ከ2 ሳምንት ያልፋል። በዚህ መሃል ነዳጁ ይቀዘቅዛል፣ ሰምና በረዶ ይፈጠራል፣ ችግሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እዚያ ቢያንስ ውሉ ቱቦው ሲያበቃ ተነቅሎ መሬቱ እንዲስተካከል ያስገድዳል። ብዙ ቦታ ግን ታጥቦ፣ ተደፍኖ፣ መሬት ውስጥ ይተዋል።

ጥያቄ፦ ቱቦ ሊያልፍ ነው ተብለን ለስብሰባ ተጠርተናል። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግዎትም። ከሁሉ በፊት ቫልቩ የት ነው ብለው ይጠይቁ። ቱቦ ሲሰበር ፓምፑ ቢቆም እንኳ በሁለቱ መዝጊያ ቫልቮች መሃል ያለው ነዳጅ እንደ መሬቱ አቀማመጥ መፍሰሱን ይቀጥላል። በ24 ኢንች ቱቦ ውስጥ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 260 ሺህ ሊትር ገደማ አለ። ቫልቮቹ 20 ኪሎ ሜትር ከተራራቁ ከ5 ሚሊዮን ሊትር በላይ ነው። የእርስዎ ወንዝ በሁለቱ መሃል ዝቅተኛው ቦታ ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ግራና ቀኝ ቫልቭ እንዲኖር፣ ከሩቅ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚዘጋ እንዲሆን ይጠይቁ። ማንቂያ ሲጮህ የበላይ ሳይጠይቅ ፓምፑን የማቆም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ፣ ሌሊት ሽታ ቢሸትዎት የሚደውሉበት ቁጥር የትኛው እንደሆነ፣ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ቋንቋዎን ይችል እንደሆነም ይጠይቁ።

ካሳው ከተገመተበት ቀን አንስቶ በስንት ወር ውስጥ እንደሚከፈል፣ ከዘገየስ ግምቱ እንደገና ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። ቱቦው ሲያበቃ ማስነቀያ የሚሆነው ገንዘብ አሁኑኑ ማን ዘንድ እንደተቀመጠም መጠየቅ አይርሱ። መልስ ሰጪው «ይሄን ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚያውቀው» ካለ፣ የሚያውቀው ሰው የሚመጣበት ቀን ይቆረጥ። ጥያቄውም መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ የተፈረመበትን ኮፒ ሳይቀበሉ ከአዳራሹ አይውጡ።